ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርና ባልዲው የነገረኝ፦ ሁለት ካኒስተር ማጣሪያዎች በአንድ የዓሣ ገንዳ ላይ

ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር በሆነው የዓሣ ገንዳዬ ላይ ሁለት ካኒስተር ማጣሪያዎችን ጎን ለጎን ማሠራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልፎኛል። አንደኛው ለረጅም ጊዜ ያገለገለኝ፣ ቅርጫት የሌለው ሲሊንደር ነው፤ ሚዲያ የምንላቸው ስፖንጆችና የሴራሚክ ቀለበቶች በቀጥታ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበሩበታል። ሁለተኛው አራት ቅርጫቶች የተደራረቡበት፣ የውሃ ጎማዎቹ በአንድ እጀታ በአንድ ጊዜ የሚነቀሉለት አዲስ ማጣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ አሮጌውና አዲሱ እያልኩ እጠራቸዋለሁ። በአሮጌው ካርቶን ላይ በሰዓት 600 ሊትር፣ በአዲሱ ላይ ደግሞ በሰዓት 1000 ሊትር የሚል ተጽፏል። አዲሱን ስገዛ የመረጥኩት በዚህ ቁጥር ነበር። ባልዲና የእጅ ሰዓት ይዤ መለካት ስጀምር ግን ከዚያ ቁጥር ጋር እምብዛም የማይገናኝ ነገር አገኘሁ፤ ማጣሪያን ከማጣሪያ ጋር የምናወዳድርበት መንገድ ራሱ መስተካከል እንዳለበት የተረዳሁትም ያኔ ነው።

ከልኬቱ በፊት ግን ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ማወቅ ይገባል፤ ብዙው ስሕተት የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ካኒስተር ማጣሪያ ከገንዳው ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከገንዳው ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ፣ ክዳኑ አየርም ውሃም እንዳያሳልፍ ሆኖ የሚታሸግ ዕቃ ነው። ውሃው በአንደኛው ጎማ ከገንዳው ወርዶ ይገባል፣ በሚዲያው ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያም በክዳኑ ውስጥ ባለው ፓምፕ ተገፍቶ በሌላኛው ጎማ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ብዙ ሰው ፓምፑ ውሃውን አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ የሚያነሣ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሁለቱም ጎማዎች በውሃ እንደተሞሉ እስከቆዩ ድረስ፣ በአንደኛው የሚወርደው ውሃ ክብደት በሌላኛው የሚወጣውን ውሃ ክብደት ልክ እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ያመዛዝነዋል። ለፓምፑ የሚቀርለት ሥራ የጎማውን፣ የመታጠፊያዎቹንና የሚዲያውን ሰበቃ ማሸነፍ ብቻ ነው። ከ8 እስከ 20 ዋት ብቻ የሚወስድ ትንሽ ፓምፕ በሰዓት ብዙ መቶ ሊትር ማዘዋወር የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ አየር ወደ ጎማው ወይም ወደ ፓምፑ ከገባ ሚዛኑ ስለሚፈርስ ማጣሪያው ያጉረመርማል ወይም ጨርሶ አይነሣም። ሁለተኛው፣ የፓምፑ ትግል ከሰበቃ ጋር ብቻ ስለሆነ ሰበቃን የሚጨምር ማንኛውም ነገር፣ የተቆለመመ ጎማም ይሁን የጠበበ ማያያዣ ወይም የተደፈነ ስፖንጅ፣ በቀጥታ ከፍሰቱ ላይ ይቀንሳል። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ብቻውን፣ ያለ ሚዲያና ያለ ጎማ ምን ያህል እንደሚገፋ የሚገልጽ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ እኛ ከምንፈልገው ጥያቄ የተለየ ጥያቄ የሚመልስ ቁጥር ነው ማለቴ ነው።

አተካከሉን በተመለከተ መጀመሪያ የማደርገው የሚዲያውን ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው ሻካራውን፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነውን ስፖንጅ ሊሆን ይገባል፤ ከዚያ ደቃቁ ስፖንጅ፣ በመጨረሻም ባክቴሪያ የሚኖርባቸው የሴራሚክ ቀለበቶች ይከተላሉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን ውሃው ከየት ወደ የት እንደሚፈስ ነው። በአሮጌው ማጣሪያዬ ውሃው ከታች ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ሻካራው ከታች ይሆናል። በሌሎች ዓይነቶች ውሃው በጎን ባለ መተላለፊያ እስከ ታች ወርዶ በቅርጫቶቹ ውስጥ ይወጣል፤ ከላይ ወደ ታች የሚፈስባቸውም አሉ። አካሄዱን ሳይመለከት ቅርጫት የሚደረድር ሰው ቀለበቶቹን የጭቃ መያዣ ያደርጋቸዋል፤ ጭቃ የሸፈነው ቀለበት ደግሞ ለባክቴሪያው ብዙም አይጠቅምም።

አዲስ ሚዲያ ሁሉ፣ በተለይ የሴራሚክ ቀለበት፣ ነጭ አቧራ ስላለበት ውሃው እስኪጠራ መታጠብ አለበት። ጎማው ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ግትር ነው፤ ጫፉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ሙቅ ውሃ ውስጥ ብናስገባው ይለሰልስና ማያያዣው ላይ ያለ ትግል ይገባል። ርዝመቱን ለመቁረጥ መቸኮል አይገባም፤ ማጣሪያውን ለጽዳት ከቁም ሣጥኑ ለማውጣት የሚበቃ ትርፍ ያስፈልጋል። ሆኖም ትርፉ ወደ ታች ረግቦ መልሶ የሚወጣ ቅስት እንዲሠራ መተው የለበትም፤ እንዲህ ያለው ቅስት የላይኛው ጫፍ አየር ይይዛል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል። ገመዱ ሶኬቱ ጋር ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ መልሶ እንዲወጣ ይደረጋል፤ እንደዚያ ሲሆን በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፤ ሳይደረግ ሳየው ያሳዝነኛል።

የመሳቢያው ቱቦ ወንፊት የሚቀመጥበት ጥልቀትም እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። አንድ ቀን ጎማው ከማያያዣው ቢወልቅ ውሃው በራሱ ክብደት እየተሳበ ይፈሳል፤ የሚቆመውም ወንፊቱ ከውሃው በላይ ሲቀር ብቻ ነው። እኔ ወንፊቱን ከገንዳው ወለል 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌዋለሁ። ይህ ማለት ከሁሉ የከፋው ነገር ቢደርስ እንኳ ለዓሦቹ 60 ሊትር ያህል ውሃ ይቀርላቸዋል። ቆሻሻ ከወለሉ አጠገብ ስለሚከማች ወንፊቱ ዝቅ ቢል ይሻላል የሚሉ አሉ፤ አባባላቸው እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ የወለሉን ቆሻሻ በየሳምንቱ ውሃ ስቀይር በጎማ ስቤ ስለማወጣው የ15 ሳንቲ ሜትሩን ዋስትና መርጫለሁ።

ማስነሣቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ማጣሪያውን ከመዝጋቴ በፊት ውሃ እሞላዋለሁ፣ ክዳኑን እዘጋለሁ፣ ከዚያ የመሳቢያውንና የመመለሻውን መዝጊያዎች ከፍቼ ውሃው በራሱ ወርዶ አየሩን በመመለሻው በኩል እንዲያስወጣ እጠብቃለሁ። አረፋው ሲቆም ብቻ ነው ሶኬቱን የምሰካው። ፓምፑ ከተነሣ በኋላ ማጣሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዘነብለዋለሁ፤ በስፖንጆቹ መካከል የተደበቀ አየር አረፋ እየሆነ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የማደርገውን ነገር ለሁሉም ሰው እመክራለሁ፤ ደረቅ ሶፍት ወስጄ በክዳኑ ዙሪያና በየማያያዣው ላይ አሽከረክራለሁ። ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ወዲያው ያሳያል። ይህንኑ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከመተኛቴም በፊት እደግመዋለሁ።

ይህን ልማድ ያስተማረኝ አንድ ሌሊት ነው። አሮጌውን ማጣሪያ አጽድቼ፣ ዘግቼ፣ አስነሥቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ የቁም ሣጥኑ ወለል ረጥቦ፣ እንጨቱ ማበጥ ጀምሮ አገኘሁት። ክዳኑን ስከፍት ጎሚኒው፣ ማለትም ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት፣ አልተቀደደም፣ አልተጣመመምም። ጣቴን በዙሪያው ሳስኬድ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆረቆረኝ፤ ከገንዳው ወለል የመጣች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በጎሚኒውና በማረፊያው መካከል ገብታ ነበር። በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውሃ የሚፈጥረው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ አሸዋዋ በከፈተችው ክፍተት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ለመግፋት በቂ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያውን በከፈትኩ ቁጥር ጎሚኒውን አውጥቼ እሱንም ማረፊያውንም በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ስስ የሲሊኮን ግሪስ እቀባዋለሁ። ቫዝሊን ግን መቀባት አይገባም፤ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ቅባት ብዙዎቹን የጎማ ዓይነቶች እያሳበጠ ያበላሻቸዋል። በተጨማሪም ሁለቱንም ማጣሪያዎች ጠርዙ ከፍ ባለ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ትንሽ ፍሳሽ ቢኖር ወለሉን ከማበላሸቱ በፊት ሳፋው ውስጥ አየዋለሁ።

አሁን ወደ ልኬቱ ልምጣ። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ የመመለሻውን ጎማ ወደ 10 ሊትር ባልዲ አዙሮ እስኪሞላ ያለውን ሰከንድ መቁጠር ነው። ነገር ግን ባልዲውን ወለል ላይ አስቀምጦ የጎማውን አፍ እስከ ባልዲው ያወረደ ሰው የሚለካው የፓምፑን ሥራ ሳይሆን ውሃው በራሱ ክብደት ከገንዳው የመውረዱን ፍጥነት ጭምር ነው፤ እኔም መጀመሪያ ላይ በዚህ ተታልዬ ማጣሪያዬ ከካርቶኑ በላይ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። የጎማው አፍ ከገንዳው ውሃ ገጽ ጋር እኩል ከፍታ ላይ መያዝ አለበት፤ ከዚያ ወደ ታች የሚወድቀው ውሃ በነጻ ወደ ባልዲው ይወርዳል። እኔ የጎማውን አፍ በገንዳው ጠርዝ ላይ በቆንጣጭ አስሬ ነው የምለካው። ሦስት ጊዜ ለክቼ መካከለኛውን እወስዳለሁ፣ ውሃውንም መልሼ ገንዳው ውስጥ እጨምራለሁ።

ሁለቱም ንጹሕ ሚዲያ ይዘው በተተከሉ ማግሥት አሮጌው ባልዲውን በ85 ሰከንድ ሞላው፤ ይህ በሰዓት 424 ሊትር ገደማ ነው። አዲሱ በ55 ሰከንድ ሞላው፤ 655 ሊትር ገደማ መሆኑ ነው። ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ ካለው ቁጥር አንድ ሦስተኛ ያህል ጎድለዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ አልገረመኝም። የገረመኝ ከስምንት ሳምንት በኋላ ያየሁት ነው። አሮጌው 98 ሰከንድ ፈጀ፤ በሰዓት 367 ሊትር ማለት ነው። አዲሱ ግን 90 ሰከንድ ፈጀ፤ ወደ 400 ሊትር ወርዷል። በካርቶን ላይ የ400 ሊትር ልዩነት የነበራቸው ሁለት ማጣሪያዎች በሁለት ወር ውስጥ በባልዲ ሲለኩ ልዩነታቸው ከ35 ሊትር አልበለጠም።

በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ገንዳውን በየቀኑ እያየሁት ነበር፤ ፍሰቱ መድከሙን ግን አላወቅኩም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚቀንስን ነገር ዓይን አይይዘውም። ለዚህ ነው በማስታወሻ ደብተር ላይ በየወሩ አንድ ቁጥር መጻፍ ከማንኛውም ግምት የሚበልጠው።

አዲሱን ስከፍተው ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ። አምራቹ በላይኛው ቅርጫት ውስጥ ያስቀመጠው ነጭ ደቃቅ ማጣሪያ ጥጥ ወደ ጥቁር ቡናማ ተለውጦ፣ እንደ ረጠበ ካርቶን ጠንክሯል። በእጄ ይዤ ወደ ብርሃን ብዘረጋው ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ደቃቅ ጥጥ ውሃን እንደ መስተዋት ያጠራል፤ ውበቱን አልክድም፤ ነገር ግን በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚደፈን ነገር ስለሆነ ለወራት በማይከፈት ዕቃ ውስጥ ቦታ የለውም። አውጥቼው በምትኩ መካከለኛ ስፖንጅ አስገባሁ። ከሌላ ስምንት ሳምንት በኋላ ስለካው ባልዲው በ64 ሰከንድ ሞላ፤ በሰዓት 560 ሊትር ገደማ ነው። ፓምፑ ያው ነው፣ ጎማው ያው ነው፤ የተለወጠው አንድ ቁራጭ ጥጥ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፍሰት ብቻውን ሙሉ ፍርድ አይሰጥም። ቅርጫት ባላቸው ማጣሪያዎች ውስጥ ስፖንጁ ሲደፈን ውሃው በቅርጫቱና በማጣሪያው ግድግዳ መካከል ቀላል መንገድ ሊያገኝ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ባልዲው በፍጥነት ይሞላል፣ ውሃው ግን ሳይጣራ ነው የሚያልፈው። ምልክቱን ለማወቅ ቅርጫቶቹን ሲያወጡ ከውጭ በኩል ማየት ነው፤ በቅርጫቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ቀጥ ያለ የቡናማ ጭቃ መስመር ካለና የስፖንጁ መሐል ከጠርዙ ይልቅ ንጹሕ ከሆነ፣ ውሃው በጎን እያለፈ ነው። በእኔ ላይ ይህ የሆነው ስፖንጁን ትንሽ አሳንሼ የቆረጥኩት ጊዜ ነበር፤ ስፖንጅ ከቅርጫቱ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሰፋ ብሎ መቆረጥ አለበት። ቅርጫት በሌለው ማጣሪያ ይህ ችግር እምብዛም አይገጥምም፤ ሚዲያው ግድግዳውን ተጠግቶ ስለሚሞላው ውሃው በእሱ ከማለፍ ሌላ አማራጭ የለውም። የዚያ ዋጋ ደግሞ በጽዳት ጊዜ ይከፈላል፤ ቀለበቶቹን ለማግኘት ሁሉንም ነገር ባልዲ ውስጥ መገልበጥ ግድ ይሆናል።

ስለ ፍሰት ይህን ያህል የምጨነቀው ለውሃው ጥራት ብቻ አይደለም። ከዓሦቹ እዳሪና ከተረፈ ምግብ የሚመነጨው አሞኒያ መርዝ ነው፤ በተለይ ውሃው አልካላይንና ሞቃት ሲሆን ጉዳቱ ይበረታል። በሚዲያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ለረጅም ጊዜ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ኒትሮባክተር የተባለው ባክቴሪያ ነው ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ጥናት ግን ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ባለባቸው ገንዳዎች ውስጥ ይህን የሚያከናውኑት የኒትሮስፓይራ ወገኖች መሆናቸው ታይቷል። ስማቸው ማንም ይሁን ማን፣ ሁሉም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አንድ ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለማድረስ 4.6 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ ደግሞ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም ብዙም የማይበልጥ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ታሽጎ በተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ያ ኦክስጅን የሚደርሰው በሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ማጣሪያው የያዘው ቆሻሻ ከዓይናችን ራቀ እንጂ ከውሃው አልወጣም። ገንዳው ጥርት ብሎ እያየነው፣ ያው ቆሻሻ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ባለው ዕቃ ሆኖ ይበሰብሳል፣ የሚበሰብሰውም ያንኑ ኦክስጅን እየበላ ነው። ስለዚህ «ስድስት ወር ሳልከፍተው ቆየ» የሚለው አባባል የማጣሪያው ምስጋና ተደርጎ ሲነገር ስሰማ አልስማማም።

ይህን ችግር በተሻለ መንገድ የፈታልኝ በሁለቱም መሳቢያ ወንፊቶች ላይ ያጠለቅኩት ሻካራ ስፖንጅ ነው። በየሳምንቱ ውሃ ስቀይር አውልቄ በባልዲው ውስጥ እጨምቀዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ትልልቁ ቆሻሻ ወደ ማጣሪያው ሳይገባ በየሳምንቱ ከገንዳው ይወጣል፣ ትንንሽ ሽሪምፖችና ጫጩት ዓሦችም ከመሳብ ይድናሉ። አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ ሐሳብ በማጣሪያው ውስጥ ሠርተውታል፤ የኦዋዜ ባዮማስተር ማጣሪያዎች ክዳኑን ሳይከፍቱ ለብቻው የሚወጣ የቅድመ ማጣሪያ ስፖንጅ አላቸው፤ ቴርሞ በተባለው ዓይነታቸው ደግሞ ማሞቂያውም በዚያው መሐል ይገባል። በእኔ እይታ ካለፉት ዓመታት ማሻሻያዎች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ሌሎቹን አምራቾች በሚመለከት ጥቂት ልበል። ኤሃይም እ.ኤ.አ. በ1949 በጀርመን የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ክላሲክ የሚባለው ተከታታይ ምርቱ ቅርጫት ለሌለው አሠራር ዋናው ምሳሌ ነው። ክላሲክ 2213 በሰዓት 440 ሊትር በ8 ዋት፣ 2217 ደግሞ በሰዓት 1000 ሊትር በ20 ዋት እንደሚሠሩ ተጽፎባቸዋል። የጄቢኤል ክሪስታልፕሮፊ ኢ902 በሰዓት 900 ሊትር በ11 ዋት ይላል። ማጣሪያ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ ዋቱን ማየት ተገቢ ነው፤ 20 ዋት በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት፣ 11 ዋት ደግሞ 96 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የፍሉቫል 07 ተከታታይ ከ107 እስከ 407 ባሉት መጠኖች ቅርጫት ያላቸው ናቸው፤ ትልቁ ኤፍኤክስ6 ግን በየ12 ሰዓቱ ራሱን አቁሞ አየሩን አስወጥቶ እንደገና የሚነሣ፣ ለትልልቅ ገንዳዎች የተሠራ ነው። ለ200 ሊትር ገንዳ እርሱን መግዛት ዓሦቹን በማዕበል ውስጥ ማኖር ይሆናል። እኔ የምከተለው ልኬት፣ በባልዲ የተለካው እውነተኛ ፍሰት በሰዓት ከገንዳው ውሃ ሦስት እጥፍ በታች እንዳይወርድ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚዋኝ፣ ረጅም ክንፍ ያለው ዓሣ ላለው ሰው ከዚያም ቢያንስ አልቃወምም።

ማጣሪያ ሲጸዳ ሚዲያውን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ትልቅ ጥፋት ነው፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን የተጨመረው ባክቴሪያ ለመግደል ነውና። ከገንዳው በወጣ ውሃ፣ በባልዲ ውስጥ፣ ስፖንጁን ጨመቅ ጨመቅ፣ ቀለበቶቹን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ፓምፑን ስከፍት ማግኔት ያለበትን ተሽከርካሪ ክፍል አውጥቼ ያረፈበትን ጉድጓድ በትንሽ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ ዘንጉ ሴራሚክ ስለሆነ ይሰበራልና ቀጥ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል። ሁለት ማጣሪያ መኖሩ የጠቀመኝ ከሁሉ ይበልጥ እዚህ ላይ ነው። አንዱን በአንድ ወር፣ ሌላውን በሚቀጥለው ወር ስለማጸዳ ገንዳው ያለ ባክቴሪያ የሚቀርበት ቀን የለም። አዲስ ማጣሪያ ብቻውን እስኪበስል፣ ማለትም ባክቴሪያው በበቂ እስኪራባበት፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈልግ፣ አሮጌውን በአዲስ የሚተካ ሰው ሁለቱን ለዚያ ያህል ጊዜ አብሮ ቢያሠራ፣ ካልሆነም አንድ አሮጌ ስፖንጅ ወደ አዲሱ ቢያዛውር ዓሦቹን ከአሞኒያ ይጠብቃል። ለመድኃኒት ማስወገጃ ወይም ለውሃ ቀለም ሲባል የሚጨመረው አክቲቭ ካርቦን ደግሞ የዘወትር ሚዲያ አይደለም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞላል፤ ዓሣ በመድኃኒት ሲታከምም መድኃኒቱን ስለሚመጠው መውጣት አለበት።

መብራት ሲጠፋ ካኒስተር ማጣሪያ ከሌሎች ማጣሪያዎች የበለጠ አደጋ አለው። ታሽጓልና በውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ባክቴሪያው መሞት፣ ጭቃውም መሽተት ይጀምራል። መብራቱ ሲመለስ ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይገፋል። እኔ መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሶኬቶቹን እነቅላለሁ፣ ክዳኖቹን ከፍቼ በውስጣቸው ያለውን ውሃ እደፋለሁ፣ ሚዲያውን ከገንዳው ውሃ በተቀዳ ባልዲ ውስጥ አሳርፌ አልፎ አልፎ በእጄ አማስለዋለሁ። መብራቱ ሲመለስ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አስነሥቼ፣ የሚመለሰውን ውሃ ለትንሽ ጊዜ ባልዲ ውስጥ አስፍሼ፣ ሽታ እንደሌለው አረጋግጬ ነው ወደ ገንዳው የምመልሰው።

በአሁኑ ሰዓት አዲሱ በገንዳው የግራ ጫፍ በረጅም ባለ ቀዳዳ ቱቦ የውሃውን ገጽ እያንቀሳቀሰ ኦክስጅን ያስገባል፤ አሮጌው ደግሞ በቀኝ ጫፍ፣ ከታች በኩል፣ በዕፅዋቱ መካከል ቀስ ያለ ፍሰት ይሰጣል። ወንፊቶቹ ላይ ስፖንጅ ከጠለቀ ወዲህ አዲሱን ለአሥራ ስድስት ሳምንት ሳልከፍት ለካሁት፤ ባልዲው በ61 ሰከንድ ሞላ፣ በሰዓት 590 ሊትር ገደማ ነው። አሮጌው 91 ሰከንድ ላይ ነው። የአሮጌው ጎሚኒ ግን ሲታጠፍ መጠንከር ጀምሯል፤ አዲሱ ጎሚኒ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል፣ በሚቀጥለው ጽዳት እቀይረዋለሁ።